ግድግዳዬ ተሰነጠቀ፤ መሬቱ መስመጡን ሳተላይት ይነግረኛል?

ጥያቄው የመጣው አቃቂ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ካላቸው አንባቢ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ቤቱ ከተሠራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ቀድሞ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግድግዳው ከመስኮቶቹ ማዕዘን እየተነሣ በሰያፍ ይሰነጠቃል። በበጋ ስንጥቁ ይሰፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ መልሶ ይገጥማል። ጎረቤቶቼም ያው ናቸው። አንዳንዱ በአካባቢው የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃውን ስለሳቡት ነው ይላል። ሌላው ከፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ያያይዘዋል። በቅርቡ አንድ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ በሳተላይት ራዳር የእያንዳንዳችንን ቤት መስመጥ በሚሊ ሜትር ለክቶ ማስረጃ እንደሚሰጠን ነገረን። ማኅበራችን ገንዘብ ሊያዋጣ ነው። እኔ ግን ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ ሳስተያይ ምንም ለውጥ አላየሁም። ነገሩ እውነት ይሠራል? እንክፈል ወይስ ይቅርብን?»

ለየቤታችሁ ብላችሁ አትክፈሉ። የራዳር ልኬት እውነተኛ ሙያ ነው፤ ሰውየው የፈጠረው ነገር አይደለም። ችግሩ ራዳሩ የሚመልሰው ጥያቄና እናንተ የምትጠይቁት ጥያቄ መለያየታቸው ነው። ራዳሩ ሰፈሩ በጥቅሉ ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ ይነግራችኋል። እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት ግን የቤትዎ አንዱ ጥግ ከሌላው ጥግ ተለይቶ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ነው። ለዚህኛው ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ መልስ አይመጣም። ከዚህም በላይ ትልቁን ፍንጭ ራስዎ ጽፈውታል፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጉግል ኧርዝ። እዚያ ላይ የሚያዩት ከላይ የተነሣ ተራ ፎቶ ነው። ፎቶ ቤት መሠራቱን፣ ዛፍ መቆረጡን፣ መንገድ መከፈቱን ያሳያል። መሬት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ከላይ ሲታይ ያው ቦታ ያው ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ለውጥ አለማየትዎ ለአንዱም ለሌላውም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

ራዳር ፎቶ አያነሣም። ሳተላይቱ ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ተመልሶ የመጣውን ይመዘግባል። ሌሊትም ደመናም አያግደውም። በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው የአውሮፓው ሴንቲኔል-1 ነው። የመጀመሪያው በ2006 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መጠቀ። 693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በየ12 ቀኑ እዚያው መስመር ላይ ይመለሳል። ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ መሬት ደርሶ ሲመለስ በዑደቱ የትኛው ነጥብ ላይ እንዳለ ይመዘገባል፤ ባለሙያዎች ይህን ፌዝ ይሉታል። ከ12 ቀን በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ፌዙ እንደገና ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ መቅረቡን ወይም ከሳተላይቱ መራቁን ይናገራል። ዘዴው በአጭሩ ኢንሳር ይባላል።

አሁን ወደዚያ «በሚሊ ሜትር» ወደሚለው እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንሳር ቁጥር የሌለው ማስመሪያ ነው ብለው ያስቡ። በመስመሮቹ መካከል የት እንዳሉ በጣም በጥራት ያሳይዎታል፤ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳሉ ግን አይነግርዎትም። ሞገዱ ሄዶ ስለሚመለስ በሴንቲኔል-1 አንድ ሙሉ ዑደት 2.8 ሴንቲ ሜትር እንቅስቃሴ ነው። መሬቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ወይስ 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ ነጥብ ብቻ መለየት አይቻልም። የሚለየው ከጎን ያሉትን ነጥቦች እያያያዙ በመቁጠር ነው። አጎራባች ነጥቦች በአንድ ዙር ከ1.4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ቆጠራው ሊሳሳት ይችላል። ስህተቱ ደግሞ ካርታው ላይ በሚያምር ቀለም ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ታዲያ ሚሊ ሜትሩ ከየት መጣ? ከብዛት ነው። በዓመት ወደ 30 የሚጠጉ ምስሎች ይገኛሉ። በሦስት ዓመት ወደ 90 ይሆናሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አሰልፈው አዝማሚያውን ሲያወጡ፣ ጥሩ አንጸባራቂ ነጥብ ላይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጥራት ይገኛል። ይህ የአማካይ ፍጥነቱ ጥራት ነው። የአንድ ቀን ልኬት ግን ብዙ ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በክረምት ሴንቲ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ሁለት ምስል አወዳድሮ «ቤትዎ 7 ሚሊ ሜትር ወርዷል» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ሰውየው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ እያታለለዎ ነው።

ዘዴው የት እንደሚያበራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አገራችን ከዓለም ምርጥ ማሳያዎች አንዷ ናት። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገባ። መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህ በሳምንታት ውስጥ የሆነ ነው። ስፋቱ ያን ያህል መሆኑ የታወቀው በዋናነት በራዳር ነው። ሐዋሳና ሻሸመኔ አጠገብ ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት በየዓመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲያብጥ የታየውም በዚሁ ዘዴ ነው። እዚያ ቆሞ በዓይኑ ያስተዋለው ሰው አልነበረም። ከባቱ አጠገብ ያለው አሉቶም እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 እያንዳንዱን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ተነሥቶ ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዷል። ከኢትዮጵያ ውጭ ካየን ሜክሲኮ ሲቲ አለች። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ሸክላ አፈር ላይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ሲሳብ ሸክላው ይጨመቃል። አንዳንድ ሰፈሮች በዓመት ወደ ግማሽ ሜትር ይወርዳሉ። ሰፊ ቦታ፣ ብዙ እንቅስቃሴ፣ ብዙ ጊዜ፤ ራዳር የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ፈንታሌ ለጠየቁት እዚሁ ላይ ልመልስ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ሲገፋ ቆይቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥና ጥር ላይ በጣም ተባብሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። የራዳር ምስሎቹ ላይ ከስንጥቁ በላይ ያለው መካከለኛ ሰቅ ወደ ታች ሲወርድ፣ ግራና ቀኙ ሲነሣ በግልጽ ታይቷል። ግን ያ ሁሉ የመሬት ቅርጽ ለውጥ የታየው እዚያው በአሥሮች ኪሎ ሜትሮች ክልል ውስጥ ነው። ለፈንታሌ ቅርብ የሆነችው መተሐራ ከአዲስ አበባ በመንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ወደ እኛ የመጣው ንዝረቱ ነው። ንዝረት ቀድሞ የነበረን ስንጥቅ ሊያባብስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በንዝረት የመጣ ስንጥቅ በበጋ እየሰፋ በክረምት አይገጥምም። ወቅት እየጠበቀ የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ የውሃ ጉዳይ ነው።

ወደ ቤትዎ እንመለስ። ሴንቲኔል-1 መሬቱን የሚያየው በግምት 5 ሜትር በ20 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ነው። የእርስዎ ቦታ 200 ካሬ ሜትር ቢሆን ሁለት ቁራጭ ገደማ ነው። በአንድ ቁራጭ ውስጥ የቤትዎ ግድግዳ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የአጥሩ ብረት በርና የውሃ ታንከሩ ማማ ሁሉም በአንድ ላይ ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ የሚያንጸባርቀው የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አስቸጋሪ ነው። የነጥቡ አቀማመጥም በሜትሮች ሊስት ይችላል። ግድግዳ የሚሰነጠቀው ደግሞ ቤቱ በሙሉ ስለወረደ አይደለም። ቤት ሁሉም ጥጉ እኩል 10 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ የውሃና የፍሳሽ ቱቦው ይቸገራል እንጂ ግድግዳው ላይሰነጠቅ ይችላል። የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ከሌላው በተለየ መጠን ሲወርድ ወይም ሲነሣ ነው። ያ ልዩነት ያለው በአንድ ቁራጭ ውስጥ ነው። ራዳሩ ደግሞ ያንን ቁራጭ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎታል። የላቀ ጥራት ያላቸው የንግድ ሳተላይቶች አሉ፤ ቁራጫቸው እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። ግን ምስሎቻቸው ውድ ናቸው። ደግሞም ቀድሞ ያልታዘዘ ምስል ብዙ ጊዜ በማኅደር ውስጥ አይገኝም።

ሌላው ገደብ አቅጣጫው ነው። ሳተላይቱ ቁልቁል አያይም፤ ከጎን አዘንብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ራቀ ሲባል ወደ ታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሸሽቶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ሳተላይቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲያልፍ የተወሰደውና ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፍ የተወሰደው መጣመር አለባቸው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተሠርቶ «መስመጥ» የተባለ ካርታ ካመጡላችሁ አትቀበሉ። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚደረግን እንቅስቃሴ ደግሞ በሁለቱም ተጣምሮ እንኳ አያየውም ማለት ይቻላል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማነጻጸሪያ ነጥቡ ጉዳይ ነው፤ ሻጮች አይነግሯችሁም። ኢንሳር የሚሰጠው ቁጥር በሙሉ ከሌላ ነጥብ አንጻር ነው። አንድ ቦታ ይመረጥና «ይህ አይንቀሳቀስም» ተብሎ ዜሮ ይሰጠዋል። የቀረው ሁሉ ከእሱ ይለካል። ያ ነጥብ ራሱ ውሃ ሲጠጣ በሚያብጥ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ በክረምት አብሮ ይነሣል፤ በበጋ አብሮ ይወርዳል። ያኔ የእናንተ ሰፈር ምንም ያልሆነ መስሎ ሊታይ ይችላል። ወይም ዐለት ላይ ያለ ጤነኛ ሰፈር የሚሰምጥ ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ነጥብ መምረጥ ቀላል አይደለም። እንጦጦ ዐለት ነው፤ እስከዚህ ጥሩ። ግን ከፍታው ከአቃቂ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ይህ የከፍታ ልዩነት ቀጥሎ የምነግርዎትን የአየር ችግር ይጠራል። የተሻለው በአቅራቢያ ያሉ፣ ዐለት ላይ መመሥረታቸው የታወቀ፣ ቆየት ያሉ ብዙ ሕንፃዎችን መርጦ አማካያቸውን መያዝ ነው። ይህን ለመምረጥ የከተማውን ጂኦሎጂ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ብቻውን አይመርጠውም፤ ብዙ ፕሮግራም ዝም ብሎ ጥራቱ ከፍ ያለውን ነጥብ ያነሣል። ጥራቱ ከፍ ያለ መሆኑ የማይንቀሳቀስ መሆኑን አያረጋግጥም።

የአየሩ ችግር ይኸውላችሁ። የራዳሩ ሞገድ በአየር ውስጥ ሲያልፍ እርጥበት ያዘገየዋል። ሲዘገይ መሬቱ የራቀ ይመስላል። በሁለት ምስሎች መካከል የአየሩ እርጥበት 20 በመቶ ቢለያይ የሚመጣው ስህተት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የእኛ ክረምትና በጋ ልዩነታቸው ትንሽ አይደለም። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከበላዩ ያለው አየር ወፍራም ስለሆነ መዘግየቱ ይብሳል። ስለዚህ እንጦጦን ዜሮ አድርጎ አቃቂን ቢለኩ፣ መሬቱ ንቅንቅ ሳይል በየክረምቱ የሚወርድና በየበጋው የሚነሣ ሊመስል ይችላል። ማስተካከያ ዘዴዎች አሉ። የአየር ጠባይ ሞዴል ይጠቀማሉ፤ ብዙ ምስል ያማክላሉ። ስህተቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በተለይ ወቅትን ተከትሎ የሚመጣ ስህተት በማማከል አይሰረዝም። የእናንተ ችግር ደግሞ ራሱ ወቅትን የሚከተል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደራረቡ መለየቱ የባለሙያ ራስ ምታት ነው።

አፈሩም የራሱን ነገር ይጨምራል። ጥቁር አፈር እርጥበቱ ሲለወጥ ራዳሩን የሚያንጸባርቅበት መንገድ ይለወጣል፤ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። የሚታረስ ማሳ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ጤፉ ይበቅላል፣ ይታጨዳል፣ መሬቱ ይገለበጣል። ከ12 ቀን በፊት የነበረው ገጽ የለም፤ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። የሴንቲኔል-1 ማኅደር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ያለፈውን ጊዜ ተመልሶ መለካት መቻሉ ሌላ መሣሪያ የሌለው ትልቅ ጸጋ ነው። የእናንተ ሰፈር ግን ያኔ ማሳ ነበር። አስተማማኝ ነጥብ የሚገኘው ቤቶቹ ከቆሙ በኋላ ነው። «ቤታችሁ ከመሠራቱ በፊትም ይሰምጥ እንደነበር አሳያለሁ» የሚል ካለ እንዴት እንደሚያሳይ ይጠይቁት።

ጥልቅ ጉድጓዶቹን በተመለከተ፣ ውሃ ሲሳብ መሬት የሚሰምጠው በዋናነት ውሃው በሚጨመቅ ሸክላና ደለል መካከል ሲሆን ነው፤ እንደ ሜክሲኮ ሲቲ። የአቃቂው የጉድጓድ ውሃ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ባለ ቀዳዳ ባዛልትና እሳተ ገሞራ የተፋው ጠጠር ነው። እንዲህ ያለ ዐለት ውሃው ቢወጣለትም እንደ ሸክላ አይሟሽሽም። በየቦታው የአፈሩ ንብርብር ስለሚለያይ ፈጽሞ አይሆንም ብዬ አልዘጋውም። የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ግን አይደለም። በጉድጓድ ውሃ የሚመጣ መስመጥ ዓመት ከዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። በየክረምቱ የሚገጥም ስንጥቅ አይሠራም።

እንግዲህ ወደ ፍንጭዎ። ማሳው የጤፍና የሽምብራ ነበር ብለዋል። ሽምብራ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅል የጥቁር አፈር እህል ነው። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው፣ ኢንጂነሮች ብላክ ኮተን የሚሉት አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጥርና በየካቲት ሜዳው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ሲሠራበት ከቤቱ መካከል በታች ያለው አፈር ፀሐይም ዝናብም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙ አይለወጥም። ዙሪያው ግን በበጋ ይደርቃል፤ በክረምት ይረጥባል። ስለዚህ የቤቱ ጥጎች በበጋ ይወርዳሉ፤ በክረምት ይነሣሉ፤ መካከሉ ባለበት ይቆያል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ የዚህ ፊርማ ነው። መስኮት ግድግዳው የሚደክምበት ቦታ ስለሆነ ከዚያ ይጀምራል። እኔ ቤትዎን ሳላይ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ግን ከጻፉልኝ ተነሥቼ ቀድሞ የምጠረጥረው አፈሩን ነው። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ መውረዱን፣ በሥሩ ገረጋንቲ በበቂ መሞላቱን ነው የምጠይቀው።

ይህን የሚያረጋግጠው መሣሪያ ርካሽና አሮጌ ነው። ቀያሽ የሚጠቀምበት ሌቭል በቂ ነው። በቤቱ አራቱም ጥግና በየኮለኑ ላይ ትንሽ የብረት ምልክት ያስመቱ። ቀያሹ የእያንዳንዱን ከፍታ በሚሊ ሜትር ያንብብ። ጥሩ መሣሪያና ጠንቃቃ እጅ ካለ፣ ለአንድ ቤት ከሳተላይቱ የተሻለ ጥራት ይሰጣል። የሚለካውም ትክክለኛውን ነገር ነው፤ ጥግ ከጥግ ያለውን ልዩነት። ንባቡ የበጋው መጨረሻ ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይጀምር አንዴ ይሁን። ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ይደገም። ቢያንስ ሁለት ዙር ያስፈልጋል። እዚህም የማነጻጸሪያው ነጥብ ጉዳይ አይቀርም። የጎረቤት አጥር ላይ ምልክት አታድርጉ፤ እሱም ከአፈሩ ጋር ይነሣል ይወርዳል። ዐለት ላይ የቆመ ድልድይ ወይም ወደ ጥልቀት የወረደ የውሃ ጉድጓድ የብረት ቱቦ የተሻለ ነው።

ጎን ለጎን በየስንጥቁ ላይ ጄሶ ቀጭን አድርገው ይለጥፉና ቀን ይጻፉበት። በየወሩ በዚያው ቦታ ስፋቱን በማስመሪያ ለክተው ፎቶ ያንሱ። ከዚያ በኋላ ከመሠረቱ አጠገብ የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ መሠረቱ ያረፈበት አፈር ይታይ። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ የማበጥ መጠኑ ይለካ። የዝናቡ ውሃ ከአሸንዳው ወርዶ የት እንደሚጠራቀም ይመልከቱ። ሴፕቲክ ታንኩ ያፈስስ እንደሆነ፣ የውሃ ቱቦው ይንጠባጠብ እንደሆነ ያስፈትሹ። ግድግዳው ሥር ባሕር ዛፍ ካለ እሱም ውሃ እየሳበ ያደርቃል። ድንገት አይቁረጡት ግን፤ ዛፉ ሲጠፋ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ እንደገና ሊያብጥ ስለሚችል መጀመሪያ ኢንጂነር ያማክሩ። ብዙ ቤት ላይ ግማሹ መፍትሔ ውሃን ማራቅ ነው። አሸንዳውን ወደ መንገዱ ቦይ መውሰድና በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ሰፊ የሲሚንቶ ንጣፍ መሥራት ብዙ ያግዛል። ይህን ሳያደርጉ ስንጥቁን በጄሶ ሞልቶ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። በክረምት፣ ስንጥቁ በገጠመበት ሰዓት ልስን መሥራት ደግሞ በመጪው በጋ ዳግመኛ መክፈት ነው።

ማኅበራችሁ የግድ በራዳሩ መጠቀም ከፈለገ አንድ መንገድ አለ። ለየቤቱ ሳይሆን ለሰፈሩ በጠቅላላ አንድ ጥናት ይሠራ። «ሰፈሩ ዓመት ከዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርዳል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ አይወርድም ከሆነ የጉድጓዱ ክርክር ይቀላል፤ ትኩረቱ በየቤቱ መሠረት ላይ ይሆናል። ይወርዳል ከሆነ ጉዳዩ ከእናንተ አቅም በላይ ስለሆነ ወደ ከተማው አስተዳደርና ወደ ጂኦሎጂ ባለሙያዎች መሄድ አለበት። ውሉ ላይ እነዚህ ይግቡ። ቢያንስ የሦስት ዓመት ምስል ይኑር፤ በሁለቱም አቅጣጫ የተወሰደ ይሁን። የማነጻጸሪያው ነጥብ የት እንደሆነና ለምን እንደተመረጠ ይጻፍ። የእያንዳንዱ ነጥብ ስህተት መጠን ይገለጽ። የየነጥቡ የጊዜ ሂደት በሰንጠረዥ ይሰጣችሁ፤ ባለ ቀለም ካርታ ብቻ አትቀበሉ። እነዚህን ለማድረግ እምቢ ያለ ሰው ጋር አትፈራረሙ።

የሴንቲኔል-1 ምስል ራሱ ለማንም በነፃ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ «ለምስሉ ግዢ» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ የየትኛው ሳተላይት እንደሆነ አጣሩ። የምትከፍሉት ለሰው ጊዜና ለዕውቀት ነው፤ ያ ተገቢ ነው። አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ የመሬት ምልከታ ፕሮግራም የመላውን የአውሮፓ ኅብረት የመሬት እንቅስቃሴ ከሴንቲኔል-1 አውጥቶ በነፃ ካርታ ላይ አስቀምጦታል፤ የምትኖሩበትን ሕንፃ አካባቢ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለእኛ አገር እንዲህ ያለ ተዘጋጅቶ የቀረበ አገልግሎት የለም። ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ምስሉ በየ12 ቀኑ በላያችን እየተወሰደ ነው። የጎደለው አቀናብሮ፣ ከመሬት ልኬት ጋር አመሳክሮ ለሕዝብ የሚያቀርብ ቋሚ ሥራ ነው።

«ማስረጃ» ስለተባለው ደግሞ ይህን ይወቁ። የራዳር ካርታ መንቀሳቀሱን ቢያሳይ እንኳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያሳይም። ሥራ ተቋራጭን ለመጠየቅ ካሰባችሁ የሚያስፈልጋችሁ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የአፈር ምርመራው ውጤትና የተፈቀደው ዲዛይን ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚታየው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስንጥቁ በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ ነው። ኮለን ወይም ቢም ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ ብረቱ ከታየ፣ በሮች ድንገት አልዘጋ ካሉ፣ ወይም ስንጥቁ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ መስከረምን አትጠብቁ። ሌቭሉንም ራዳሩንም ተዉት። በዚያው ሳምንት የስትራክቸር ኢንጂነር አምጥታችሁ አሳዩ፤ እሱ እስኪያየው ድረስ በዚያ በኩል ባለው ክፍል ሰው አይተኛ።